ዜሮ ማርሽ እምቢ ያለው ሞተር ሳይክል

ሞተር ሳይክል አልወድም። አዳማ ላይ ሞተርና ባጃጅ ጆሮ ሲያደነቁር ፊቴ ሲጠቁር የሚያዩ ልጆቼ ጫጫታው ያስቸገረኝ ይመስላቸዋል። እኔም እንዲመስላቸው እተዋቸዋለሁ። ነገሩ ግን ጫጫታው አይደለም። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ላይ የክትባት ሣጥን አስሬ ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆ ቆቃ፣ ከቆቃ ዓለም ጤና ስመላለስ ወገቤ ያለቀ ሰው ነኝ። ከታመሙት ከብቶች ሁሉ ይልቅ ያደከመኝ ግን ሞተር ሳይክሉ ራሱ ነበር።

በሽታው አንድ ነው፤ ዜሮ ማርሽ አይገባም። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የሞተር ሳይክል ማርሽ የሚቀየረው በግራ እግር ነው። ወደ ታች ሲጫኑት አንደኛ ይገባል፣ ወደ ላይ ሲያነሡት ሁለተኛ። በሁለቱ መሃል በግማሽ ንቅናቄ የምትገኝ ቦታ አለች፤ ሞተሩ እየሠራ ጎማው ነፃ የሚሆንባት፣ ነጂው ግራ እጁን ሞተሩን ከጎማው ከሚያላቅቀው ከፍሪሲዮኑ መያዣ ላይ አንሥቶ የሚተነፍስባት። እሷ ናት ዜሮ። የእኔው ሞተር ሳይክል ይህችን ቦታ እንደ ተጣላው ጎረቤት ደጃፍ ዞር ብሎ ሳያያት ያልፋታል። ቀስ ብዬ ባነሣው ሁለተኛ፣ ቀስ ብዬ ብጫነው አንደኛ።

ገበሬ ቤት ደርሼ ልቆም ስል ጉድ ይፈላል። ሰውየው "ውረድ እንጂ፣ ቤት ግባ" እያለ ይለምነኛል፤ እኔ ግራ እጄን እንደጨበጥኩ፣ ግራ እግሬን ላይ ታች እያልኩ ኮርቻው ላይ እቀራለሁ። እጄ ዝሎ የለቀቅኩት እንደሆነ ሞተር ሳይክሉ እንደ ወይፈን ወደ ፊት ዘሎ ይጠፋል። አንድ ጊዜ የአንዲት ባልቴት አጥር ውስጥ ይዞኝ ገብቷል። ሴትዮዋ ሳይቆጡኝ "ይሄስ ሳይታመም አልቀረም፣ ለምን አትወጋውም?" ብለው አሾፉብኝ።

በሽታውን ለማወቅ ያላደረግኩት የለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የፍሪሲዮኑን ሽቦ ነው። ሽቦው ከላላ መያዣው እስከ መጨረሻ ቢጨበጥም ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፤ ስለዚህ አጠበቅኩት። ለአንድ ቀን የተሻለው መሰለኝ፣ በማግስቱ እንደነበረው ሆነ። ቀጥሎ የማርሽ መርገጫውን ጠረጠርኩ፤ ሞተር ሳይክሉ ወድቆ ተጣሞ ነበርና ፈትቼ አቃናሁት። ሞተሩ ቆሞ ሲንተከተክ ፍጥነቱ ከበዛ ማርሽ ያስቸግራል ሲሉኝ እሱንም ቀነስኩት። ያኔ ደግሞ በደረስኩበት ሁሉ እየጠፋ አሳበደኝ።

ከወሎ መጥቶ አዳማ ገበያ አጠገብ የከተመ መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው ደግ ነው፣ ግን ለሁሉም በሽታ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ካርቡራተር ማጠብ። ፍሬን እምቢ ቢል ካርቡራተር ያጥባል፣ መብራት ቢጠፋ ካርቡራተር ያጥባል። የእኔንም አጠበና "ኢንሻአላህ፣ ከእንግዲህ እንደ ቅቤ ነው የሚገባልህ" አለኝ። ካርቡራተሩ እንደ መስታወት ጠርቶ ዜሮ ማርሹ እዚያው እምቢታው ላይ ቀረ። ተናድጄ ልሳደብ ፈለግኩና ሻይ ሲጋብዘኝ አፈርኩ።

ነገሩ የገባኝ በበጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ጨርሶ የማይበገረው ማርሽ፣ ፀሐይ ከርሮ ሞተሩም በደንብ ሲግል ሳይለመን ዜሮ ይገባል። ስለዚህ ችግሩ ሽቦው አልነበረም፤ ዘይቱ ነው። የፍሪሲዮኑ ሸክላዎች፣ እነዚያ ተደራርበው የሚቀመጡት ክብ ዝርግ ሳህኖች፣ ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚሠሩት። ዘይቱ ከወፈረ፣ በተለይ ሲቀዘቅዝ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ እጅህ ፍሪሲዮኑን ቢጨብጠውም ሞተሩ ጎማውን አይለቀውም። ማርሹም ተወጥሮ ስለሚቆም ዜሮን አያገኛትም።

ዘይቱን ያመጣልኝ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነበር። በስኳር ፋብሪካ ውስጥ የሸንኮራ መፍጫውን ማሽን ዘይት የሚያጠጣ ወቅታዊ ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዓመት አዳማ ላይ የሞተር ዘይት ብርቅ ነው። ማደያ ሄደህ ገና ሰላም ሳትል "የለም" ይሉሃል። ታዲያ የመፍጫውን ትርፍራፊ ዘይት በቆርቆሮ አድርጎ እየሣቀ አመጣልኝ። ማር የመሰለ፣ በዱላ ካልተገፋ የማይወርድ ዘይት ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ የተሸከመውን ብታይ። ስንቱን አገዳ የሚፈጭ ብረት ተሸክሞ፣ ያንተን ፌንጣ ያቅተዋል?" አለኝ።

አላቃተውም፤ አንቆ ያዘው እንጂ። ከተማው ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚኖረው። እህል ወፍጮውም፣ ጋሪውም፣ የጭነት መኪናውም የተገኘውን እየጠጣ ነበር የሚሄደው። በኋላ ጥፋቱ የዘይቱ መሆኑን ስነግረው ወንድሜ ትከሻዬን መታ አድርጎ "ታዲያ በደረቁ ቢሄድ ይሻል ነበር?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ በደረቁ ቢሄድ ሞተሩ ይነክስ ነበር። "ከምንም ይሻላል" እያልን ነበር የምንኖረው።

ክረምት ሲገባ መፍጫው ይቆማል፣ ወቅታዊ ሠራተኛውም ይበተናል። ወንድሜ ሥራ ላይ እያለ የሚነካው አልነበረም። ሥራ ፈትቶ አዳማ ቤታችን ሲገባ ግን ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰ፣ የሚያስጥለው መሥሪያ ቤት የሌለው ወጣት ሆነ። ቀበሌው የሚያስረክበው ኮታ አለበት። ኮታው በጥሪ ሳይሞላ ሲቀር አፈሳ ተጀመረ። ከሲኒማ በር፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከኳስ ሜዳ ልጅ እየታፈሰ ይጫን ጀመር። እኔ ዕድሜዬ አልፏል፣ የመንግሥት ሠራተኛም ነኝ። እሱን ጓዳ ውስጥ ከከሰል ጆንያው ጀርባ ደበቅነው።

እናታችን በር በተንኳኳ ቁጥር ጮክ ብላ ትስላለች፤ እሱ እንዲሰማና እንዳይነቃነቅ። ሳሉ ውሎ አድሮ የእውነት ሳል ሆነ። ሳህን ሁለት ቦታ ሲቀርብ ጎረቤት ያያል ብላ ምግቡን በእኔ ሳህን ላይ ደርባ ታወጣለች፤ እኔ ጓዳ ገብቼ አካፍለዋለሁ። እሱ በጨለማው እየቀለደ ይበላል፣ እኔ አይወርድልኝም። አንድ ቀን እናቴ ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "ልጅ ነው የደበቅኩት ወይስ ሬሳ?" አለችኝ። "አንተ ወረቀት አለህ፣ ሞተር አለህ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ። ወንድሜ ዘንድ አድርስልኝ" አለች። አጎታችን ዓለም ጤና ዳር ሽንኩርት ያለማል። እዚያ ገበሬ መስሎ እስኪያልፍ ድረስ ይቆያል ነው ነገሩ። "አደርሰዋለሁ" አልኳት። እጄን ይዛ ሳመችው። እናት የልጇን እጅ ስትስም ደስ አይልም።

ጠዋት በካፊያ ወጣን። የእኔን ትርፍ ነጭ ካፖርት አልብሼ የክትባት ሣጥኑን አሳቀፍኩት፤ ረዳት ይመስላል። ሞጆ ላይ የጠየቀን አልነበረም። ወደ ደቡብ ታጥፈን የአዋሽን ድልድይ ስንሻገር የቆቃ ውኃ ከሰማዩ ጋር አንድ ሆኖ ግራጫ ለብሷል። ወንድሜ ከኋላዬ ሆኖ በጆሮዬ ያወራል። ጓዳ ከገባ ወዲህ ሰማይ ያየው ገና ያን ቀን ነው። ያየውን ሁሉ ይቆጥርልኛል፣ አህያ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የሽንኩርት ማሳ። ዝም በል ልለው አሰብኩና አንጀቴ እምቢ አለ።

የፈራነው ኬላ ከቆቃ አልፎ ነው። መንገዱ ላይ ገመድ ይወጠራል። አንድ ባለ ሞተር ሳይክል ከገመዱ ሥር ሾልኮ አምልጦ ስለነበር በዚያ ኬላ ለሞተር ሳይክል የተለየ ደንብ ወጥቶ ነበር። ነጂው ከገመዱ ፊት ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፣ እየገፋ ገመዱን ያልፋል፣ የሚያስነሣው ከኬላው ጎጆ ካለፈ በኋላ ነው። ሚሊሺያዎቹ ያውቁኛል፤ ከብቶቻቸውን አክሜያለሁ። ወንድሜን ግን መታወቂያ መጠየቃቸው አይቀርም፣ መታወቂያው ደግሞ የአዳማ ነው።

ስለዚህ ኬላው ሳይታይ ግራሮቹ ሥር አቆምኩና አወረድኩት። በማሳዎቹ ዳር ዞሮ ከኬላው ወዲያ ማዶ መንገዱ ከሚታጠፍበት እንዲጠብቀኝ ነገርኩት።

"ብዘገይ፣ ብያዝ፣ ምንም ብሆን እንዳትመለስ። ቀጥ ብለህ ወደ አጎታችን ሂድ። በእግር ይደረሳል።"

"እሺ ጋሼ።"

"ማልልኝ።"

"እሺ አልኩህ እኮ" አለና ካፖርቱን አውልቆ ሰጠኝ። በጭቃው ላይ እየዘለለ ሄደ።

ዞሮ እስኪያልፍ ጊዜ ልስጠው ብዬ እዚያው ቆየሁ። ቤንዚን በኩፖን ነውና ሞተሩን አጠፋሁት። ካፊያው ሞተሩ ላይ ሲወርድ ጢስ እያለ ይተን ነበር፤ በኋላ መትነኑን ተወ። የቆየሁት ለእሱ ብዬ ነው። ሞተሩ የቀዘቀዘውም ያኔ ነው።

አስነሥቼ በአንደኛ ማርሽ እስከ ገመዱ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ገና እየተንከባለልኩ ዜሮዋን እነጥቃት ነበር፤ ያን ቀን ግን ኬላውን የሚያዘው ካድሬ ጎጆው በር ላይ ቆሞ "አጥፋ" አለኝ፣ አጠፋሁ። ወርጄ ልገፋ ስል ጎማው ፍንክች አላለም። ማርሹ አንደኛ ላይ ተነክሷል። ፍሪሲዮኑን ጨብጬ ገፋሁ፣ ያው ነው። መርገጫውን አነሣሁት፣ ሁለተኛ ገባ። ተጫንኩት፣ አንደኛ። ለካድሬው አንድ አፍታ ላስነሣውና ይሙቅ፣ ያኔ ይገባል ብዬ ለመንኩት። ወጣት ነው፣ ከወረዳ የመጣ። "ደንብ ደንብ ነው፣ ጓድ። ይገፋ" አለና ወደ ሬዲዮኑ ተመለሰ።

ይኼኔ አንድ ሽማግሌ ሚሊሺያ መጡ። ከዚያ በፊት በሬያቸው ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት ሲል ያተረፍኩላቸው ሰው ናቸው።

"አካም ቡልተን፣ ዶክተር? ምን ሆነብህ?"

"ዜሮ አልገባ አለኝ፣ አባባ።"

"በሬዬን ያተረፍክ ሰውዬ፣ ብረት እንዴት ይሄንን ያደርግሃል? ኑ እስቲ" ብለው ጓደኞቻቸውን ጠሩ።

መጡ። ምነው ባልመጡ። ሁሉም መካኒክ ሆነ። አንዱ ከኋላ ይዞ ያናውጠዋል፣ አንዱ በኮንጎ ጫማው መርገጫውን ይረግጣል፣ አንዱ ድንጋይ አንሥቶ "አንድ ጊዜ ብቻ ላቅምሰው" ይላል። እኔ ስከለክል ሌላው ካፖርቴን ይዞ "አንተ ዞር በል፣ ደክሞሃል" እያለ ይጎትተኛል። ወደ ኋላ ልመልሰውና ከገመዱ ርቄ ላስነሣው ብል "የት ትሄዳለህ፣ እኛ እያለን" አሉ። ደስ ብሏቸዋል፤ በዚያ ዝናብ ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲጠብቅ ለሚውል ሰው ይሄ ጨዋታ ነው። እኔ ልቤ ማዶ ነው። ቸኮልኩ ብል ለምን ትቸኩላለህ እባላለሁ። ስለዚህ እሥቃለሁ። ሻይ ሲያመጡልኝ እጠጣለሁ። እየሣቅኩ፣ ይሄኔ አጎታችን ዘንድ ለመድረስ ጉዞ ጀምሯል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ሽማግሌው በመጨረሻ "እናወዛውዘው፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ" አሉ። ልክ ነበሩ፤ የተጣበቀው ሸክላ የሚላቀቀው እንደዚያ ነው። ሁላችንም ያዝነው፤ እነሱ ይገፋሉ ይስባሉ፣ እኔ መርገጫውን በእጄ አነሣለሁ። እየጮሁ በአንድ ድምፅ ሲገፉ አዳለጠኝና ጭቃው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ሣቁ ፈነዳ። ከብበው ሁለት ክንዴን ይዘው ጎትተው አነሡኝ፣ ጭቃውን ሊያራግፉልኝ ጀርባዬን በጥፊ ጥፊ አደረጉኝ። አሁንም አንድ ጊዜ ገፋንና ማርሹ ለስለስ ብሎ ወደቀ። ጎማው ተሽከረከረ። ዜሮ ገባ። ሁሉም በእልልታና በጩኸት አካባቢውን አናወጡት፤ ካድሬውም ምን ተፈጠረ ብሎ ወጣ።

ከማዶ በኩል "ተዉት፣ ተዉት" የሚል ድምፅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ወንድሜ በመንገዱ መሃል እየሮጠ ይመጣል። ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቷል። "እሱን አትምቱት። የምትፈልጉት እኔን ነው። እሱ ምንም አላደረገም" ይላል። ከታጠፈው መንገድ ሆኖ ያየው ከብበውኝ ሲጎትቱኝ፣ ስወድቅ፣ ጀርባዬ ላይ እጅ ሲያርፍ ነው። ከሩቅ ሣቅና ዱላ አይለይም። በዚያ ዘመን ኬላ ላይ ሰው ተከቦ ያየ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

ሽማግሌው ቀድሞ ገባቸው። ወደ ካድሬው ዞረው "የእህቴ ልጅ ነው፣ ጓድ። ትንሽ ያመዋል፣ የሚለውን አያውቅም" አሉ። ካድሬው እሳቸውን አልሰማም፤ "መታወቂያ" አለ። ወንድሜ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ካድሬው አንብቦ ኪሱ ከተተው።

ወንድሜ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ። ደም እንደሌለብኝ፣ ያለብኝ ጭቃ ብቻ እንደሆነ አየ። ከዚያ ሞተር ሳይክሉን፣ ኮርቻው ላይ የቀሩትን የሚሊሺያዎቹን እጆች፣ መሬት ላይ የተቀመጠውን የሻይ ብርጭቆ አየ። ገባው። ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"ጋሼ፣ ዜሮው ገባ እንዴ?" አለኝ።

"ገባ" አልኩት።

ከወንድሜ ጋር የተነጋገርነው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ካድሬውን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ ካላረፍኩ እኔንም የሚያስርበት መጋዘን እንዳለው ነገረኝ። ከሰዓት የጭነት መኪና መጥቶ ሌሎች ልጆች ከተጫኑበት ላይ ደረበው። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ግራር ላይ አስደግፈው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። ሰላም ሳልላቸው ሄድኩ። ከዚያ በኋላም በዚያ ኬላ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብለው አያዩኝም፤ እኔም አላያቸውም። ስለ በሬያቸው የከፈሉኝን ውለታ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

አዳማ ስገባ እናቴ በር ላይ ናት። "አደረስከው?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ምንም አልደበቅኩም። አልጮኸችም። ጓዳ ገብታ ከከሰል ጆንያው ጀርባ የነበረውን ምንጣፉን ጠቀለለችና ደረቷ ላይ አቅፋው ተቀመጠች። ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሁሉ የምታለቅስ ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን እንባ አልወጣትም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ደርግ ወድቆ የተበተነው ሠራዊት በእግሩ በአዳማ ሲያልፍ እናቴ ጠዋት ወጥታ አስፋልቱ ዳር ትቆማለች። እግራቸው ያበጠ፣ ውኃ የሚለምኑ ልጆች ያልፋሉ። ለሁሉም ውኃ ትሰጣለች፣ ሲጠጡ ፊታቸውን ታያለች። የወንድሜን ክፍል የሚያውቅ አልተገኘም። ሞተ ብሎ የነገረን የለም፣ አለ ያለንም የለም። ሰልፉ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም፤ እሷ ግን ማሰሮዋን ይዛ እዚያው ቆማ አገኘኋት።

ማሰሮዋን ተቀብዬ ወደ ቤት ይዣት ስሄድ ነው የጠየቀችኝ። ቀስ ብላ፣ ሌላ ነገር የምትጠይቅ መስላ።

"አንተ ብትሆን ኖሮ፣ ከማዶ ሆነህ ሲመቱት ብታይ፣ ትመለስለት ነበር?"

"አዎ፣ እማዬ" አልኳት።

ቆም ብላ ፊቴን አየችኝ። ለእነዚያ ልጆች ውኃ እየሰጠች ልጇን ስትፈልግባቸው ታይ እንደነበረው አየችኝ። ከዚያ ማሰሮዋን ከእጄ ተቀብላ ቀድማኝ ሄደች፤ ስለዚያ ቀንም ከዚያ ወዲያ ጠይቃኝ አታውቅም።